ወንድ ልጆች እርስ በርስ ፍቅር የሚይዛቸው የወጣት ልብወለድ ጠቁሙኝ እስቲ

ሰላም ሰዎች፣ የቤንጃሚን አሊሬ ሳየንዝን ‹አሪስቶትልና ዳንቴ› አሁን ጨረስኩት፣ 1987 ኤል ፓሶ ቴክሳስ፣ ሁለት ሜክሲኮ አሜሪካዊ ልጆች ዋና ገንዳ ላይ ይገናኛሉ፣ አንዱ መዋኘት አይችልም ሌላው ላስተምርህ ይለዋል፣ በቃ ከዛ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ግን የገደለኝ ፍቅሩ ብቻ አይደለም፣ የአሪ (የአሪስቶትል) አባት ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ አፉን የማይከፍት ሰውዬ ነው፣ እስር ቤት ስላለው የአሪ ታላቅ ወንድምም ቤት ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም፣ ወላ የኛ ሳሎን ነው የመሰለኝ 😅 እንደዚህ አይነት ሌላ ካለ?

— ሚጣ_ዲሲ
ሀርትስቶፐር! የአሊስ ኦስማን፣ በስዕል የተሰራ ነው፣ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ነው የወጣው። ቻርሊና ራግቢ ተጫዋቹ ኒክ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ‹ሃይ› ‹ሃይ› ሲባባሉ ብቻ ገፅ ያልቃል፣ እኔ ደግሞ እንደ ጅል ፈገግ እላለሁ። ኔትፍሊክስ ላይ በ2022 ጀምሯል ግን መፅሐፉን አስቀድሚ

— ዝምተኛው
እኔ አሪስቶትልን ግማሽ ላይ ተውኩት፣ ይንቀረፈፋል ይቅርታ። የቤኪ አልበርታሊ ሳይመን ይሻላል፣ ስሙን ደብቆ ከማያውቀው ልጅ ጋር ኢሜል ይፃፃፋል፣ ማን ይሆን እያልክ ነው የምታነበው፣ ያስቃልም

— ሚጣ_ዲሲ
ግማሽ ላይ?? መጨረሻውን ሳታይ እኮ ነው የፈረድከው ወንድሜ

— ጠያቂዋ
ኧረ ለሳይመን ኢሜል የሚፅፍለት ልጅ ማን እንደሆነ እንዳትነግሩኝ! ዛሬ ላይብረሪ ሄጄ መፅሐፉን እወስደዋለሁ