መዳባማው ኤምኦኤፍ በኦክቴን ሠራ፤ ናፍጣ ውስጥ ግን ሰልፈሩን አላወጣም። ምን ይሻላል?

ከዚራ (ድሬዳዋ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ኤችኬዩኤስቲ-1 የሚባለውን መዳባማ ኤምኦኤፍ (ብረትና ኦርጋኒክ ሞለኪውል ተገጣጥመው የሚሠሩት ቀዳዳማ ዱቄት) የሠራሁት 0.435 ግራም መዳብ ናይትሬት (ባለ 3 ውሃ) እና 0.21 ግራም ትራይሜሲክ አሲድ፣ እኩል ውሃና ኢታኖል ባለበት 12 ሚሊ ሊትር ውስጥ አድርጌ ነው፤ አውቶክሌቭ (ጥብቅ ተዘግቶ የሚሞቅ ዕቃ)፣ 120 ዲግሪ፣ 12 ሰዓት። ዳይቤንዞታዮፊን (ናፍጣ ውስጥ የሚገኝ ሰልፈር ያዘለ ውህድ) በኦክቴን፣ ማለትም በአንድ ንጹሕ ሃይድሮካርቦን፣ አሟሙቼ (300 ፒፒኤም፣ ከሚሊዮን 300 እጅ ሰልፈር) 0.1 ግራም ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር ለ4 ሰዓት ሳማስል ሰልፈሩ ከግማሽ በላይ ወረደ። የማደያ ናፍጣ ላይ ግን ለውጥ የለም። የዱቄቱ ቀለም ውሃ ሰማያዊ ነው።

ሳቢያን፦ ቀለሙ ነግሮሃል ወንድሜ። ውሃ ሰማያዊ ማለት ሰልፈሩ የሚያርፍበትን የመዳብ ቦታ ውሃ ይዞታል ማለት ነው፤ በደንብ ሲደርቅ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ይሆናል። በየ12 ሰዓቱ ኢታኖል እየቀየርክ 3 ጊዜ እጠበው፣ ከዚያ በቫኪዩም 150 ዲግሪ 12 ሰዓት አድርቀው። ፓምፕ ከሌለህ ኦቭን ውስጥ ስስ አድርገህ ዘርጋው፤ ከ200 ዲግሪ ግን አትለፍ። ብልቃጡን ከነክዳኑ አስቀድመህ መዝን፣ ዱቄቱን እንደሞቀ ክደነው። የድሬ አየር ደረቅ ነው ብለህ አትዘናጋ፤ ክፍት ከተውከው ተመልሶ ይረጥባል። ናፍጣውንም በ3ኤ ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ጠጣር) አሳድረው።

ጀጎል (ሐረር)፦ ሳቢያን ልክ ነው፤ ማድረቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ኦክቴን ውስጥ ለሰልፈሩ ተፎካካሪ አልነበረበትም። ናፍጣ ውስጥ አሮማቲኮች (እንደ ቶሉይን ያሉ ባለ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች) ብዙውን ጊዜ ከመቶ 20–30 ይሆናሉ፤ ሰልፈሩ ከሺህ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቀዳዳውን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ለማረጋገጥ በ90 ሚሊ ሊትር ኦክቴን መፍትሔህ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ቶሉይን ጨምረህ ድገመው፤ ውጤቱ ከወደቀ ጥፋቱ የዱቄትህ አይደለም። ያኔ ዱቄቱን ወደ 0.5 ግራም ከፍ አድርግ፣ ወይም መንገዱን ቀይር፦ ዩአይኦ-66 የሚባለው ዚርኮኒየማዊ ኤምኦኤፍ ውሃን ይቋቋማል፤ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 60 ዲግሪ ላይ ዳይቤንዞታዮፊኑን ወደ ሰልፎን (ሰልፈሩ ላይ ኦክስጅን የተጨመረበት ውህድ) ይለውጠዋል፣ ሰልፎኑም በአሴቶናይትራይል ታጥቦ ይወጣል። እኔ ብመርጥ ይህን ነው። መዳባማውን ከፐሮክሳይድ ጋር አታዋህደው፣ ይፈርሳል።

ለገሃር፦ ይህን ዱቄት የመኪና ታንከር ውስጥ መጨመር ይቻላል?

ጀጎል፦ በፍጹም! ደቃቁ ዱቄት ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ይበላል፤ የሚሟሟው መዳብም ናፍጣውን ቶሎ ያበላሻል።

ሳቢያን፦ ከዚራ፣ ከመለካትህ በፊት ናሙናውን በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፈው። ዱቄት ካመለጠ የያዘው ሰልፈር ንባቡን ከፍ ያደርገዋል።