የአባቴ ዲሴብሊቲ ተከለከለ፤ ጠበቃ እንያዝ ወይስ ራሳችን እንጨርሰው?

ጥያቄ (ሄለን፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 57 ዓመታቸው ነው። ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ 16 ዓመት ሠርተዋል። አምና የወገባቸው ዲስክ ተንሸራትቶ ሥራ አቆሙ። የሶሻል ሴኪዩሪቲ ዲሴብሊቲ፣ ማለትም በሕመም ሥራ ላቆመ ሰው መንግሥት በየወሩ የሚከፍለውን፣ ፎርሙን የሞላነው እኔና ወንድሜ ነን። ከስንት ወር ጥበቃ በኋላ «የድሮ ሥራዎን መሥራት ይችላሉ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ከተጻፈ ዛሬ 41 ቀኑ ነው። «ወረቀት እጨርሳለሁ» የሚል ሰው 1,500 ዶላር ቅድሚያ ጠይቆናል። ሌላው ደግሞ ተዉትና እንደ አዲስ አመልክቱ ይላል። ጠበቃ ብንይዝ ከየት አምጥተን እንከፍላለን? ግራ ገባን።

ጋሽ ታክሲ
እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ። ይግባኝ 60 ቀን ነው። ለፖስታው ደግሞ 5 ቀን ይጨመርልሻል። ስለዚህ ጊዜ አለሽ፣ ግን ለመተኛት የሚሆን አይደለም። እንደ አዲስ አመልክቱ ያለሽን ሰው አመስግነሽ ሸኚው። እኔ እንደዚያ አድርጌ እስኪፈቀድልኝ የተጠራቀመ ወራት የሚቆጠር ውዝፍ ገንዘብ አጥቻለሁ። ይግባኝ ስትዪ የመጀመሪያ ማመልከቻሽ ቀን አብሮሽ ይቆያል።
ለዚያ ሰውዬ ደግሞ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ።

የጠበቃ ቢሮ ልጅ
ዲሲ አካባቢ ዲሴብሊቲ የሚይዝ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ፋይል አዘጋጃለሁ።
የክፍያውን ነገር ብዙ ሰው በከንቱ ይፈራዋል። ጠበቃው የሚከፈለው ስታሸንፉ ብቻ ነው። ለዚያውም ከውዝፉ፣ ባክ ፔይ ከሚሉት፣ 25 ከመቶ ነው። በተለመደው ውል ጣሪያ አለው፤ ከ2024 ኖቬምበር 30 ጀምሮ 9,200 ዶላር ተደርጓል። ውዝፉ 20,000 ቢሆን ጠበቃው 5,000 ይወስዳል። 60,000 ቢሆን ሩቡ 15,000 ነው፣ ግን ከ9,200 አያልፍም። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ራሱ ቆርጦ ይከፍለዋል፣ አባትሽ ከኪሳቸው አያወጡም። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣው ሙሉ በሙሉ የሳቸው ነው። የሕክምና ወረቀት ማስወጫ ዓይነት ትንንሽ ወጪ ግን ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ብንሸነፍስ ይሄን እንከፍላለን?» በሉት።
ጠበቃ ሳይሆኑ መወከልም ይቻላል። ግን ማንም ይሁን ማን፣ ክፍያውን ሶሻል ሴኪዩሪቲ መፍቀድ አለበት። ያ ሰውዬ የውክልና ፎርሙን፣ 1696ን፣ ሳያስፈርም ገንዘብ ከጠየቀ ነገሩ ገብቶሻል።
ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ ደውሉ። እነሱ በነፃ ነው የሚሠሩት። ሁሉንም ጉዳይ ግን አይቀበሉም፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ሁለት ሦስት የግል ቢሮ ደውሉ። የመጀመሪያው ምክክር አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ጠበቃ እስክታገኙ ግን ይግባኙን አታቆዩት። 561 የሚባለውን የይግባኝ ፎርም ኦንላይን አስገቡ፣ ማስረጃው በኋላ ይጨመራል።

ከአሌክሳንድሪያ
እኔ ያለ ጠበቃ በይግባኝ አግኝቻለሁ። ኩላሊት እጥበት ላይ ስለነበርኩ ግን ወረቀቱ ራሱ ይናገር ነበር። ወገብ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ጠበቃ ያዙ።

አስተርጓሚዋ
ሕክምና ቦታ ነው የማስተረጉመው። አንድ ነገር ልጨምር። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ከፍሎ ወደሚልካቸው ሐኪም ሄደው ነበር? እዚያ ስንቴ እንዳየሁት። ሐኪሙ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ይላል። አባት ሁለት እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተክለው፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። እኔ የተባለውን ነው የማስተላልፈው። ሐኪሙም ያንኑ ይጽፈዋል።
አባትሽን ቁጭ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ ይሄ ሰላምታ አይደለም። ውሸት አይጨምሩ፣ እውነቱን ግን አይቁረጡት። «ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» ካሉ፣ ወንበር ላይ ሆነው እንደሚያስቀድሱና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጥተው መኪና ውስጥ እንደሚጋደሙም ይናገሩ።
አስተርጓሚ ሶሻል ሴኪዩሪቲ በነፃ ያቀርባል። አንቺ አትሁኚ። አባት ልጁ ፊት የማይናገረው ስንት ነገር አለ።

ሄለን
አስተርጓሚዋ፣ አስለቀስሽኝ። እውነት ነው፣ ሐኪሙ ጋ አብሬያቸው ገብቼ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ደህና ነኝ ብለዋል፣ እኔም ደህና ነው ብያለሁ።
አሁን የፎርሙን ኮፒ አወጣሁት። ሥራ የሚለው ቦታ ላይ «ካሸር» ብለን ነው የጻፍነው። የሚከበር መስሎን። እሳቸው ግን ገንዘብ የሚቀበሉት ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነበር። ሌላውን ጊዜ መኪና እያወጡ እያስገቡ ራምፑን ሲሮጡ ነው የሚውሉት፣ አንዳንዴ 10 ሰዓት ቆመው።

የጠበቃ ቢሮ ልጅ
በቃ፣ ችግሩ እዚያ ጋ ነው። ካሸር ቀላል ሥራ ተደርጎ ስለሚታይ «የድሮ ሥራዎን ይችላሉ» አሏቸው። ከ2024 ጁን ወዲህ የሚታየው ያለፉት 5 ዓመታት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ይሄን አንድ ሥራ በደንብ አስተካክላችሁ ጻፉት፦ ስንት ሰዓት ቆመው፣ ስንት ደረጃ፣ ምን ያህል ክብደት። ሰው ከ55 ካለፈ ሕጉ ለዕድሜው ያዝንለታል፣ ግን መጀመሪያ የድሮ ሥራውን መሥራት አለመቻሉ መታየት አለበት። የሚከታተላቸው ሐኪምም «ታሟል» ብሎ ብቻ አይጻፍ። ስንት ደቂቃ መቀመጥ፣ ስንት ደቂቃ መቆም እንደሚችሉ ይጻፍላችሁ።
ሌላ፣ «እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ያገኛሉ» የሚላችሁ ካለ ያ ድሮ ነው። ከ2020 ኤፕሪል ጀምሮ ቀርቷል።

ሄለን
43ኛው ቀን ላይ ነኝ። ይግባኙን ትናንት ማታ አስገባሁ፣ የማረጋገጫውን ገጽ ፕሪንት አድርጌዋለሁ። ሊጋል ኤይድ ማክሰኞ መልሰው ሊደውሉልኝ ነው። አባቴ የክልከላውን ደብዳቤ ሊጥሉት ሲሉ ነው የደረስኩት።

ጋሽ ታክሲ
ፖስታውንም እንዳትጥሉት። መቼ እንደተላከ ሊያሳይ ይችላል።