ባትሪው ተቀይሮም ያልተወው የጭስ ጠቋሚ

እባካችሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ። የልጆች መኝታ ክፍል ኮርኒስ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ በየደቂቃው አንድ ጊዜ «ጢጥ» ይላል፤ ጭስ ሲያገኘው እንደሚያሰማው ያለ ተከታታይ ጩኸት አይደለም። ባለ 9 ቮልት ባትሪውን በአዲስ ተካሁ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ የተጋገረውን አቧራም በለስላሳ ብሩሽ አራገፍኩ። የሙከራ ቁልፉን ስጫነው በደንብ ይጮኻል፤ ያቺ «ጢጥ» ግን አልጠፋችም። ሌሊት ብርዱ ሲበረታማ ይብስበታል።

ባትሪው የሚነካቸው ብረቶች ላይ አረንጓዴ ዝገት ይታያል። ጀርባው ላይ የተመረተበት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2014 ይላል፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ደግሞ በአብዛኛው ከ10 ዓመት በኋላ መቀየር እንዳለበት አንብቤአለሁ። ዝገቱን ብጠርገው ይበቃል ወይስ ዕድሜው አብቅቷል? ባትሪውን አውጥቼ ዝም ማሰኘት አልፈልግም፤ ልጆቹ ያለ ጠባቂ እንዲያድሩ አልፈቅድም።