የአሜሪካ ታሪክ ፈተና ደርሷል፤ በቀረኝ ጊዜ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የኤፒ (ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) የአሜሪካ ታሪክ ፈተና የፊታችን አርብ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስለሆነ፣ ጓደኞቼ ከልጅነታቸው የሰሙትን ታሪክ እኔ ዘንድሮ ነው ያገኘሁት።

እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ያለውን ደህና ይዤዋለሁ። ከ1820ው የሚዙሪ ስምምነት እስከ 1857ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የድሬድ ስኮት ውሳኔ፣ የባርነት ጉዳይ አገሪቱን እንዴት እየከፈላት እንደሄደ ማስረዳት እችላለሁ። በጣም የምወደውም ይሄንን ክፍል ነው። ከ1877 በኋላ ግን ይደበላለቅብኛል። ፖፑሊስቶች (የገበሬዎቹ ንቅናቄ) በ1892 የገቢ ግብር ጠየቁ፤ ግብሩ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በ1913፣ በፕሮግረሲቮች (የማኅበራዊና የፖለቲካ ለውጥ አራማጆች) ዘመን ነው። ታዲያ ሁለቱን ንቅናቄዎች በምን ልለያቸው? ኒው ዲል (የ1930ዎቹ የሩዝቬልት የኢኮኖሚ ማገገሚያ ፕሮግራም) ላይ ስደርስማ ጭራሽ ይጠፋብኛል።

የባሰው ግን ሰነድ ላይ የተመሠረተው ድርሰት ነው። ሰባት ሰነድ፣ 60 ደቂቃ፣ ከጠቅላላ ውጤቱ 25 በመቶ። ማስታወሻ ካርድ ሠራሁ፣ ቪዲዮ አየሁ፣ መጀመሪያ 15 ደቂቃ ለንባብ ብቻ መድቤ ሞከርኩ። ሰነዶቹን አንድ በአንድ ሳጠቃልል ሰዓቱ ያልቃል። የራሴ መከራከሪያ ወረቀቱ ላይ አይወጣም። ማን ለማን ለምን እንደጻፈው ለማሳየትም ጊዜ አይተርፈኝም።

ይህን ፈተና የወሰዳችሁ ወይም የምታስተምሩ፣ እስከ አርብ ያሉትን ምሽቶች ከ1877 እስከ 1945 ያለውን በማንበብ ላሳልፍ ወይስ ድርሰቱን ሰዓት ይዤ በመለማመድ?