ለ4 ኦም ስፒከር የቱ አምፕሊፋየር ይሻለኛል?

ጠያቂው፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ያገለገለ ማግኔፓን ኤልአርኤስ ስፒከር ገዛሁ። ድምፁ ልዩ ነው፤ ዘፋኙ ሳሎኔ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ችግሩ፣ ትንሽ ከፍ ሳደርገው የድሮው ሪሲቨሬ (ሬዲዮና አምፕሊፋየር አንድ ላይ ያለው) ድርግም ብሎ ይጠፋል። አንድ ሰው ባለ100 ዋት አምፕሊፋየር በ700 ዶላር ልሽጥልህ ብሎኛል። ልውሰደው? አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሪሲቨሩን ላክልኝ ብሎ ይዞኛል። እስከ እሑድ ለሁለቱም መልስ መስጠት አለብኝ።

ከሚኒሶታ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ! ስፒከሩ የተሠራው እዚሁ እኛ ጋ፣ ኋይት ቤር ሌክ ነው። ግን 100 ዋት የሚለውን ብቻ አይተህ እንዳትገዛ። በስንት ኦም? ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የ8 ኦሙ ነው። ያንተ 4 ኦም ነው፤ በተመሳሳይ ቮልቴጅ እጥፍ ከረንት ይስባል። ሪሲቨርህ የሚጠፋው ራሱን ለማዳን ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ለስፒከርህ የድምፅ ጉልበት 86 ዴሲቤል ተብሎ የተጻፈው በ2.83 ቮልት ተለክቶ ነው። ያ በ8 ኦም 1 ዋት ነው፣ በ4 ኦም ግን 2 ዋት። ስለዚህ በ1 ዋት የምታገኘው 83 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ዋቱ እጥፍ ይሆናል። ለ95 ዴሲቤል 16 ዋት፣ ለ101 ዴሲቤል 64 ዋት። ያውም በ1 ሜትር ርቀት፤ ሶፋህ ከዚያ ይርቃል። ከበሮ ድንገት ሲመታ አቅም ያነሰው አምፕሊፋየር ድምፁን ይቆራርጠዋል፣ ሲብስም ትዊተሩን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከር ክፍል፣ ያቃጥላል። በ8 ኦም 100፣ በ4 ኦም ወደ 200 የሚጠጋ ከሰጠ ኃይል አለው፣ ውሰደው። ስለ 4 ኦም ምንም ካልተጻፈበት እለፈው።

ከስቶክሆልም፦
እኔን ያባባኝ ሌላ ነው። አባቴ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች ነበሩት፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመረው። እሑድ ቡና እየተፈላ ግቢው በሙሉ ይሰማ ነበር። እዚህ ትንሽ ከፍ ካደረግሁ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ለወንድምህ ላክለት በቃ። እሱ እንኳን እንደልቡ ይስማ።

ከዱባይ፦
እህቴ፣ እንዳይልክ! የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የአገር ቤቱ 220። እንዲሁ ከተሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ የቮልቴጅ መቀየሪያ ከሌለው ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የጭነቱና የቀረጡ ወጪ ደግሞ አለ። ከዚህ ቢገዛለት ቮልቴጁ ይገጥማል፣ ሶኬቱ ብቻ ነው የሚለየው።

ከሚኒሶታ፦
ትራንስፎርመር መርካቶም አይጠፋም። መጀመሪያ ግን ሪሲቨሩን በ8 ኦም ስፒከር ይሞክረው። እዚያም ከጠፋ የታመመው ራሱ ነው።

ከዱባይ፦
እኔ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ለራሳችን አዲስ፣ ለቤተሰብ የተበላሸ። ላኪው ይገላገላል፣ ተቀባዩ ለጠጋኝ ይከፍላል። 700 ዶላር ያለው ሰው ግማሹን ይላክለት፣ ልጁ የሚሆነውን ይግዛ።

ከስቶክሆልም፦
የሰው ኪስ ምን አገባን? ሠርቶ ያገኘውን ነው። ደግሞ ወንድሙ ገንዘብ አልጠየቀም፣ ሪሲቨሩን ነው የጠየቀው።

ከዱባይ፦
ገንዘብ መጠየቅ አፍሮ ቢሆንስ? ስንቶቹ ናቸው "አሮጌውን ላክልኝ" የሚሉት እንዳይከብዱብን ብለው?

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሻጩን ስለ 4 ኦም ጠየቅሁት፤ መመሪያው ጠፍቶብኛል አለ። እንግዲህ ምን ይሻላል?

ከዱባይ፦
ለወንድምህ ደውለህ አነጋገርከው?