ለኳስ ሜዳ ሲባል ድምፅ ይነፈጋል እንዴ?

ሜሮን፣ ዉልዊች

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ኳስ የሚባል ነገር አይገባኝም። ባለቤቴ አርሰናል የተሸነፈ ቀን ራት እንደማይበላ አውቃለሁ፣ ዕውቀቴ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሥራዬ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ነው። ቻርልተን ውስጥ ጠዋት ጠዋት የማያቸው አንድ አባት አሉ፤ ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ካልሲያቸውን አልብሼ እወጣለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ባለፈው ሳምንት በሩ ስር የገባውን የምርጫ ወረቀት ከደብዳቤዎቻቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጥላቸው፣ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አንስተው "ቆሻሻው እዚያ ነው" አሉኝ። የሌበር (የሠራተኛው ፓርቲ) ወረቀት ነበር። ምነው ብላቸው፣ "እነዚህ ሜዳችንን የከለከሉን ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፄን አላገኟትም" አሉ። መቼ ነው ይህ የሆነው? በ1990! እኔ ያኔ አዲስ አበባ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

የገረመኝ ደግሞ፣ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ፋብሪካ ነው የሠሩት። የሠራተኛ ማኅበር አባልነታቸው ምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ። የዚያ ፓርቲ ሰው ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው? ያኔ እንቢ ያለውን ኮሚቴ የመራውን የምክር ቤት አባል ስም ሳይቀር ያስታውሳሉ። ስሙን ሲጠሩ ግን አይቆጡም፣ ፈገግ ነው የሚሉት። እሱም አልገባኝም።

እኔ ዜግነት ያገኘሁት በቅርቡ ነው፣ በዚህ አገር ድምፅ ስሰጥም የመጀመሪያዬ ሊሆን ነው። የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት ቤቱ፣ የቆሻሻ አነሳሱ እያለ ሰው እንዴት በኳስ ሜዳ ይመርጣል? ታሪኩን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። እሳቸውን ደጋግሜ መጠየቅ አልፈለግኩም፤ የደም ግፊታቸውን የምለካው እኔው ነኝ።


ጋሽ ፕላምስቴድ

እህቴ ሜሮን፣ ጥያቄሽ ባለቤቱን አግኝቷል። ለንደን የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ በ1987 ነው። ፕላምስቴድ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፣ እነሆ ከሰፈሩም አልወጣሁም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ያኔ ሌሊት ዳቦ ቤት ነበር የምሠራው፤ አብረውኝ ሊጥ የሚያቦኩት ሁሉ የሰፈሩ ኳስ ክለብ የቻርልተን ቲፎዞዎች ነበሩ፣ እንግሊዝኛዬንም የተማርኩት ከእነሱ እርግማን ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቂ፣ ነገሩ በ1990 አልጀመረም። ቻርልተን ቫሊ የሚባለውን ሜዳውን ጥሎ የወጣው ሴፕቴምበር 1985 ላይ ነው። ከመሬቱ ከፊሉ በቀድሞው የክለቡ ባለቤት እጅ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ መቆሚያ ደግሞ ለሕዝብ ያሰጋል ተብሎ ተዘግቷል። ደጋፊው እንዴት እንደተነገረው ታውቂያለሽ? ለጨዋታ በመጣበት ቀን በታደለ ብጣሽ ወረቀት። ከዚያ በኋላ "የሜዳችን ጨዋታ" እያለ የሚጓዘው ወደ ሌላ ክለብ፣ ወደ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ሴልኸርስት ፓርክ ሆነ። የሰው ቤት ገብቶ በሰው ወንበር መቀመጥ ማለት ነው። ብዙዎቹ አልሄድም ብለው ቀሩ።

ቫሊ ደግሞ ማንም ባለሀብት ገንዘብ አውጥቶ ያሠራው ሜዳ አይደለም። የኖራና የአሸዋ ጉድጓድ ነበር፤ በ1919 የሰፈሩ ሰው ራሱ በአካፋ ደልድሎ ነው ሜዳ ያደረገው። በ1938 ከአስቶን ቪላ ጋር ሲጫወቱ 75,031 ሰው ገብቶበታል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ግን ሰው ይቆምበት በነበረው ደረጃ ላይ ቁጥቋጦ በቅሎ፣ ዱር መስሎ ነበር። ማርች 1989 ላይ ክለቡ ደጋፊውን እዚያው አንቺ ሰፈር፣ ዉልዊች የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦ "ወደ ቫሊ እንመለሳለን" አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባየሽ! በሺህ የሚቆጠር ሰው መጋዝና መጥረጊያ ይዞ በደቦ ወጣ። አባት፣ ልጅ፣ አሮጊት ሳይቀር። የነቀሉትን አረምና የበሰበሰውን እንጨት ሜዳው መሐል ከምረው አቃጠሉት። ሽማግሌሽ ከእነሱ መሐል ነበሩ ብዬ እወራረዳለሁ።

እንግዲህ እንዲህ የለፋ ሰው ነው ጃንዋሪ 31 ቀን 1990 ማታ እዚያው ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃዱን ውሳኔ ሊሰማ የተሰበሰበው። ሌበር ይመራው የነበረው የግሪንዊች ምክር ቤት የፕላን ኮሚቴ ድምፅ ሰጠ፤ 10 ተቃወሙ፣ 2 ደገፉ። ተከለከለ።

ለምክር ቤቱም ፍርድ አላጣምም። ዕቅዱ ውስጥ ወጪውን እንዲሸፍን ተብሎ የገባ የቢሮ ሕንፃ ነበረበት። ቫሊ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ደግሞ በግድግዳ የተያያዙ፣ መንገዱም ጠባብ ነው። "መኪናው የት ይቁም?" ማለት ክፋት አይደለም፤ ለዚያ ነው የተመረጡት። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሰማሁት ቁጣ ግን ስለ ሕንፃው አልነበረም። "ለመሰናበቻ እንኳ ሳይፈልጉን አዳራሽ ሙሉ ሰው አቆሙን" የሚል ነበር። ንቀት ነው ያንገበገባቸው። ሰው መከልከልን ይችለዋል፤ እንደሌለ መቆጠርን ግን አይችልም።

ታዲያ ምን አደረጉ? ድንጋይ አልወረወሩም። ፓርቲ አቋቋሙ! ቫሊ ፓርቲ። የአካባቢ ምርጫው ሜይ 3 ነው፤ ከ62ቱ የምክር ቤት ወንበር ለ60ው ተወዳዳሪ አቀረቡ። ፈቃዱ ይሰጥ ያሉትን ሁለቱን ሰዎች አልነኩም፤ ይቺን ነገር እስከ ዛሬ እወድላቸዋለሁ። አንድ የማስታወቂያ ሥራ የሚያውቅ ደጋፊ ፖስተር ሠራላቸውና በየመንገዱ ትልልቁ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ሾፌሩ፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው ዕጩ ሆነው በር ለበር ዞሩ። እኔ ያኔ ስደተኛ ስለነበርኩ መምረጥ አልችልም፤ ግን ከሌሊት ሥራ ስወጣ ወረቀታቸውን በየቤቱ ሳስገባ ይነጋብኝ ነበር። ከመጣሁበት አገር ምርጫ ማለት ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስቦ እጅ ማውጣት ነበር። አንድ ዳቦ ጋጋሪ "ኳሴን ከለከልከኝ፣ ወንበርህን እፈልጋለሁ" ብሎ ሲነሳ ሳይ፣ እህቴ፣ ወረቀት ማደል ምን ይበዛብኛል?

ውጤቱ 14,838 ድምፅ ሆነ። ከመቶ 10.9 ነው። አንድም ወንበር አላገኙም። የፕላን ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይመን ኦልማን ግን ወንበሩን አጣ። ሽማግሌሽ ስሙን ሲጠሩ ፈገግ የሚሉት ለዚህ ነው። ሰውየውን ቂም አልያዙበትም፣ ሒሳቡን በዚያው ዓመት ዘግተውታል። በፓርቲው ላይ ያላቸው ግን ሌላ ነው። የራስ ቤት ነው በሩን የዘጋባቸው፤ ሌላ ፓርቲ ቢሆን ኖሮ ይረሱት ነበር።

በዓመቱ፣ ኤፕሪል 1991፣ የተሻሻለው ዕቅድ ጸደቀ። መሐል ላይ ደግሞ ዌስትሃም ሜዳ አፕተን ፓርክ ተዳብለው ከረሙ። ዲሴምበር 5 ቀን 1992 ቫሊ ተከፈተ። ተጋጣሚው ፖርትስማውዝ ነው፤ ኮሊን ዋልሽ በ7ኛው ደቂቃ አገባ፣ 1 ለ 0 አለቀ። የገባው ሰው ስምንት ሺህ ከምናምን ነው፣ ያለቀው ይኸው ብቻ ስለነበር። ከውጪ ቆሜ ጩኸቱን ሰምቻለሁ፤ ትኬት ከየት ይገኛል?


ያሬድ፣ ሰሜን ለንደን

ጋሼ፣ ታሪኩ ያምራል፣ እኔ ግን ከከለከለው ሰውዬ ጋር ነኝ። አንድ ትልቅ ስታዲየም አጠገብ ነው የምኖረው፣ ስሙን አልጠራም፣ ጠብ ይመጣል። ጨዋታ ባለ ቀን መኪናዬን ካነሳሁ መልሼ አላገኝም ብዬ ልጆቹን በእግር ነው የማመላልሰው። ደጄ ላይ ይሸናሉ። የቢራ ጣሳውን እሑድ ጠዋት የምለቅመው እኔ ነኝ። ዘፋኙ ሺህ ነው፣ ይሰማል። እኔ አንድ ነኝ፣ የሚሰማኝ ተመራጬ ብቻ ነው። እሱም ጮክ ላለው ካደረ እኔ ወዴት ልሂድ? የቻርልተን ደጋፊ ግማሹ ከኬንት ነው የሚመጣው፤ ጨዋታው ሲያልቅ አገሩ ይገባል። ሰፈርተኛው ነው የሚቀረው።


ጋሽ ፕላምስቴድ

ያሬድ ልጄ፣ ስለ ሽንቱ ምንም አልከራከርህም። የኬንቱን ነገር ግን ልብ ብለህ ስማኝ። ለግሪንዊች ምክር ቤት መምረጥ የሚችለው የግሪንዊች ነዋሪ ብቻ ነው። ከኬንት የሚመጣው ደጋፊ ፖስተር መስቀል ይችላል፣ ድምፅ ግን የለውም። ስለዚህ ያ 14,838 ሁሉ የመጣው ከሰፈርተኛው ነው። (በአንዳንድ ቀጣና ሰው ከአንድ በላይ ዕጩ ስለሚመርጥ የራስ ቁጥር አይደለም፤ ይህን ካልነገርኩህ ነገ ትይዘኛለህ።) ተመራጩ "ሰፈርተኛ" ሲል የሚታየው ቅሬታ ይዞ የመጣው ነው። ደስ ብሎት የሚኖረው ደብዳቤ አይጽፍም። እነዚያ ሰዎች ያደረጉት "እኛም እዚሁ ነው የምንኖረው" ብሎ መቆጠር ነው። ተቆጠሩም።


ትዕግስት፣ ብራይተን

እኛ ጋ ያለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ብራይተን ጎልድስቶን የሚባል ሜዳው በ1995 ተሸጠበት፣ በ1997 ለቆ ወጣ። ሁለት ዓመት "ሜዳችን" ያሉት ጂሊንግሃም ነው፤ ያ ኬንት ውስጥ ነው፣ መንገዱ ራሱ ጨዋታውን ያስረሳል። ከዚያ ዊዝዲን የሚባል የሩጫ ሜዳ ላይ እስከ 2011 ቆዩ። ፋልመር ላይ ስታዲየም ይሠራ ሲባል የብራይተን ሕዝብ ደግፎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። እስከ ፍርድ ቤት የታገላቸው የጎረቤቱ የሉዊስ ምክር ቤት ነው። በ2005 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ፕሬስኮት ፈቀደ፤ የፈቀደበት ደብዳቤ ስህተት ተገኘበትና ውሳኔው ፈረሰ። እንደገና በ2007 ሚኒስትሯ ሄዘል ብሌርስ ፈቀደች።

የደጋፊዎቹን ነገር ላጫውታችሁ። እንዲፈቅድላቸው ለፕሬስኮት ቢሮ አበባ ይልካሉ፣ ለቫለንታይን! ለሉዊስ ደግሞ እንደ ቻርልተኖቹ በክለባቸው ቅጽል ስም ፓርቲ አስመዘገቡ፣ ሲጋልስ ፓርቲ። ሆቴል አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ ያን ጊዜ የተቃወመ የምክር ቤት አባል በቴሌቪዥን ከታየ ሳህን ማጠቡን ያቆማሉ። ስታዲየሙ ተሠርቶ፣ ክለቡ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ፣ አውሮፓ ተጫውቶ፣ አሁንም! እኔ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ። ሒሳቡን የዘጋም ሰው ቂሙን ይዞ መኖር ደስ ይለዋል፣ ጨዋታ የሌለበት ሳምንት ላይ የሚያወራው ያገኛል።


ካታንጋ፣ አዲስ አበባ

እናንተ ደህና ናችሁ፣ የምትነፍጉት ድምፅ አላችሁ።

ጁን 9 ቀን 2022 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። የት ነበር ጨዋታው? በሜዳችን። ሜዳችን የት ነው? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የባሕር ዳሩንም ሳይቀር አይሆንም ካለ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን ለዓመታት "እንግዳ ተቀባይ" የሆነው በሰው አገር ነበር። ሴልኸርስት ፓርክ ቢያንስ በባቡር ይደረሳል፣ ጋሼ። እኛ ግብፅን ያሸነፍነው ፒያሳ፣ ድራፍት ቤት ተቀምጠን፣ ስክሪኑ ሁለቴ እየጠፋብን ነው።

አደይ አበባ ስታዲየም ቦሌ ላይ ከተጀመረ ከ2016 (በፈረንጅ) ወዲህ ስንት ሚኒስትር ጎበኘው፣ ስንት ሪባን ተቆረጠ አልልም። 62,000 ሰው ይይዛል ተብሎ ነው። እኔ የምፈልገው እንደ ድሮው አዲስ አበባ ስታዲየም ከአንዱ የደጋፊ መቀመጫ ወደ ሌላው፣ ከካታንጋ ወደ ሚስማር ተራ የሚሻገር አንድ ስድብ ብቻ ነው። የከለከለኝን ፖለቲከኛ አላውቀውም፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ሁሉም ደግፎኛል። "የለም" የሚል አንድ ሰው ባገኝ ስሙን እንደ ሜሮን ሽማግሌ በቃሌ እይዘው ነበር።


ሜሮን፣ ዉልዊች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ካልሲያቸውን እያለበስኩ "14,838" አልኳቸው። እግራቸውን ከእጄ ላይ ነጥቀው "ማን ነገረሽ?" አሉኝ። አንድ ኢትዮጵያዊ ዳቦ ጋጋሪ ወረቀት ሲያድል ነበር ብላቸው ስምዎን ጠየቁኝ፤ በጽዳቱ ቀን እሳቸውም ነበሩ፣ መጋዙ ጋራዡ ውስጥ አለ ይላሉ። አንድ ቀን ቢመጡ ሻይ አፈላለሁ አሉ። በነገራችን ላይ ቂሙ ለእሳቸው ነው እንጂ ለእኔ አይሆንም፤ ለማን እንደምመርጥ ግን ገና አልቆረጥኩም። ያሬድ፣ ያንተንም አልጣልኩትም፣ የእኔም መንገድ ጠባብ ነው።


ጋሽ ፕላምስቴድ

እመጣለሁ በያቸው፣ ከቅዳሜ በቀር የትኛውም ቀን ይሁን። አንቺ ደግሞ መዝገቡ ላይ ስምሽ መግባቱን አረጋግጪ፤ ዜግነት ማግኘት ብቻውን አያስመዘግብም። ምርጫ ጣቢያ ስትሄጂም ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዢ፣ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ። ባለፈው አንድ የሰፈራችን ልጅ ያለመታወቂያ ሄዶ መልሰውታል።