ከደሴ ወደ አርዲቦ በእግር፦ መኪናው፣ ጫማው፣ መንገድ መሪው (ጥቆማ)

«ከደሴ ተነስተን በእግር የምንሄድበት፣ ሰው ያልበዛበት ሐይቅ ጠቁሙን» የሚሉ ሰሞኑን በርከት ብለዋል። ጥሩ ነው። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞ ይመቻል። ከዚያ ካለፈ ግን በልግ አለ። ወሎ ውስጥ በልግ አይናቅም፤ ጭቃው ከጫማ ሥር ተጣብቆ አልለቅም ሲል ያየ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የቱ ሐይቅ የሚለውን እንጨርስ።

ሐይቅ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሎጎ ነው። ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያምራል፣ አሳ ይበላበታል፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ዳሩ ላይ ነው። (ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አይገባም፤ እህቶቻችን በር ላይ ደርሰው እንዳይመለሱ ከወዲሁ ይወቁት።) ግን ሎጎ አስፋልት አጠገብ ነው። በእግር መሄድ ለሚፈልግ ሰው መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም።

ማይባርን የሚጠቁሙም አሉ። ከደሴ በስተ ደቡብ ያለች ትንሽ ሐይቅ ናት፤ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የሚወጣው ውሃ ወደ ቦርከና ይወርዳል። በፈረንጆቹ 1981 ከስዊሱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እዚያ ነው። ግብርና ለተማረ ወይም እርከን አይቶ ለማይጠግብ ሰው ከማይባር የተሻለ የለም። ለሌላው ግን ቶሎ የምታልቅ ጉዞ ናት፣ ብርዱም አይጣል ነው።

የኔ ምርጫ አርዲቦ ነው። ጎልቦ የሚሉትም አሉ። ከሎጎ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ተራሮቹ መሃል ተቀምጧል፤ ከሎጎም 200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከአርዲቦ የሚወጣው ውሃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ሎጎ ውስጥ ይገባል። ከታችኛው ሐይቅ ተነስቶ የላይኛውን ፍለጋ መውጣት፣ ከላይ ሆኖ ደግሞ የመጡበትን ማየት፣ ጉዞውን ጉዞ የሚያደርገው ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ የደሴ ሰው አርዲቦ ሲደርስ፣ የቱንም ያህል ዳገት ቢወጣ፣ ከቤቱ ወርዷል እንጂ አልወጣም። ትንፋሽ ያጥረኛል ብላችሁ የምትፈሩ አብሽሩ። ከ1,850 ሜትር አካባቢ የምትነሱት የኮምቦልቻ ልጆች ግን ትንሽ ይሰማችኋል። አንድ ቅዳሜ የጎፍ ተራራ ላይ ወጣ ብላችሁ እግራችሁን ሞክሩ።

ወደ መኪናው ስንመጣ ሦስት ምርጫ አለ። ከደሴ መናኸሪያ ሎጎ አጠገብ ወዳለችው ሐይቅ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ፣ ኮንትራት፣ ወይም የሰው መኪና ለምኖ መሄድ። ሦስተኛውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሚኒባሱ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ሳይሞላ አለመነሳቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ከደረሳችሁ ቶሎ ይሞላል። ኮንትራት የሚያዋጣው አራት አምስት ሆናችሁ ከኮምቦልቻ ስትነሱ ነው፤ ደሴ ላይ መኪና መቀየሩ ይቀርላችኋል። ዋጋ ስትቆርጡ ግን «መጠበቂያን ጨምሮ፣ ደርሶ መልስ» ብላችሁ ቁረጡ። እኛን አንድ ሾፌር ማታ ላይ «የቆምኩበትስ?» ብሎ ሌላ ሂሳብ አምጥቶብናል። ዋጋው የቴሌግራም መልእክት ላይ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልነበረ።

ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ባጃጅ አለ። አስፋልቱን ለቆ እስከሚችለው ድረስ ይወስዳችኋል፤ ያተረፋችሁት ጊዜ ለዳገቱ ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን ባጃጁን አታስጨንቁት። ተሳፋሪው ወርዶ ባጃጅ የሚገፋበት ጉዞ የእግር ጉዞ አይባልም።

አሁን ዋናው ነገር፣ መንገድ መሪ። እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ሰው ላይና ጫማ ላይ። ከተማው ውስጥ «እኔ አደርሳችኋለሁ» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ጨዋታ ያውቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ሐይቁ ዳርም በደንብ ይመሩዋችኋል። ዳገቱ ላይ ግን የአካባቢው ገበሬ ይበልጣል። መንገዱ በማሳ መሃል ይበታተናል፤ የቱ የሰው ርስት፣ የቱ የከብት መሄጃ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ጊዜ የመሩን አባት ጤፍ ማሳ ጋ ሲደርሱ ዱላቸውን አጋድመው አስቆሙን። ቀጥታው መንገድ ከፊታችን ይታያል። «ይቺ ገና አልታጨደችም» አሉና በድንበሩ ዞረን ሄድን። የማሳው ባለቤት ከማዶ ሲያየን ቆይቶ «ቡና ሳትጠጡማ አታልፉም!» ብሎ ተጣራ። በማሳው ብናቋርጥ ኖሮ የሚጣራው ለሌላ ነበር።

ሰውየውን ለማግኘት ዋዜማውን ሐይቅ ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሉ። ዘመድ ከሌላችሁ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ፤ የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታም በዚያው አጣሩ። ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምለው፤ አትሂዱ ከተባላችሁ አትሂዱ። ክፍያውን ጠዋት ተነጋገሩ፣ ማታ ላይ ትንሽ ጨምሩበት። ዓርብን ደግሞ ተዉት፤ ሰውየው ጁምዓ አለበት፣ እናንተን ይዞ ዳገት መሃል ሲቀር ልቡ መስጊድ ነው። ረመዳን ከሆነም በባዶ ሆዱ ጸሐይ ላይ አታስወጡት።

ጫማ። ሦስት ዓይነት አወዳድሬያለሁ። አዲሱ የቻይና ስኒከር ቀላል ነው፣ ሶሉ ግን ለስላሳ ስለሆነ ጠጠሩ ሁሉ እግር ላይ ይሰማል፤ ቁልቁለት ላይም ይንሸራተታል። የቆዳ ቡትስ ጠንካራ ነው፤ ለመለመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ አዲሱን አድርጎ ጉዞ መጀመር እግርን መላጥ ነው። ለዋጋው የማይገኝለት ሰልባጅ ተራ ያለው የተራራ ጫማ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ፈልጉ፣ ግን አይታችሁ ግዙ። ብዙ ጊዜ የቆመ ጫማ ላዩ አዲስ ይመስላል፤ በሶሉና በቆዳው መሃል ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ግን እድሜ በልቶት ይሆናል። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዛችሁ አጥፉት። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ ወይም በጥፍር ስትጫኑት ከተፈረፈረ መልሱለት፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ አፉን ይከፍታል። ደህና ከሆነ ደግሞ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጫማ ሰፊ ጋ ጎራ በሉና ሶሉን ዙሪያውን በወፍራም ክር አሰፉት። በማስቲሽ ብቻ እለጥፍላችኋለሁ ካለ እሺ አትበሉ። በተረፈ መሪያችሁ በኮንጎ ጫማ ቀድሟችሁ ሲወጣ ታያላችሁ፤ አትቅኑ፣ የሱ እግር ሌላ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አታውጡ። ከደሴ ስትወጡ ጉሙ ያንቀጠቅጣል፣ ሐይቅ ስትደርሱ ላብ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት ከመሸከም ሁለት ስስ ሹራብ ይሻላል፤ አንዱን ታወልቃላችሁ። ጋቢ ለማታ ደስ ይላል፣ ከረጠበ ግን ሸክም ነው። ባርኔጣ አትርሱ። ዱላ ደግሞ የግድ ነው፤ ለቁልቁለቱም፣ ለውሻውም።

ውሃ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ያዙ። የታሸገው ካለቀ ሃይላንዷን አትጣሏት። ቀድማችሁ ፋርማሲ ውስጥ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ) ግዙና ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው አድርጋችሁ የምንጭ ውሃ አክሙ። ከሐይቁ በቀጥታ አትጠጡ፣ ዳር ላይ እግር ነክሮ መቆየቱም ይቅርባችሁ፤ ቢልሃርዚያ በሐይቅ አካባቢ እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው። ምግብ ላይ ከብስኩትና ከጁስ ይልቅ ቆሎና በሶ እመርጣለሁ። በሶው ጠዋት ቤት ውስጥ ተጨብጦ በፌስታል ይያዝ፣ አይፈስም፣ አይበላሽም፣ ሆድ ይይዛል። ትንሽ ስኳርና ቡና ደግሞ ለብቻ ቋጥሩ። ለናንተ አይደለም። ከላይ የሆነ ቤት «ጀባ» መባላችሁ አይቀርም፣ ባዶ እጅ መግባት አያምርም። ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ በረካ ሳይደርስ መነሳት ስለሚከብድ ጊዜውን ቀድማችሁ አስቡት።

ስልክ ላይ ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱት፤ ኔትወርክን ተማምኖ ተራራ አይወጣም። ፓወር ባንክ ለቡድኑ አንድ ይበቃል።

መመለሻው ላይ ጠንከር በሉ። የትም ብትደርሱ 7 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ሐይቅ ከተማ አዙሩ፤ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ከወረዳችሁ በኋላ አሳ መብላቱ አይቀርም። ሐይቁ ዳር ያሉት ቤቶች እይታ አላቸው፣ ዋጋቸውም እይታውን ይጨምራል። ከተማው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቤቶች ቆሮሶውን (ቲላፒያ የሚባለውን አሳ) ጥብስ አድርገው ቶሎ ያቀርባሉ፤ ለደከመ ሰው እሱ ይሻላል። ከወልዲያ በኩል የሚመጡት መኪኖች ማታ ማታ ሞልተው ነው የሚያልፉት። ስለዚህ አሳውን ከማዘዛችሁ በፊት አንዳችሁ መናኸሪያ ሄዳችሁ የደሴ ሚኒባስ መኖሩን ጠይቁ።